ሞተራችሁ ፒያሳ ላይ ቀጥ ብትልስ?

የዛሬው ጉዟችን ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አራዳ ነው። የምንጓዘውም በሁለት ጎማ ነው። መቼም ከራስ መኮንን ድልድይ ተነስታችሁ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጡ ሞተራችሁ ሁለቴ ሳል ሳል አድርጓት ቀጥ ብትል የሚሰማችሁን ነገር የደረሰበት ያውቀዋል። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ያንባርቃል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ወንድሜ፣ ወይ ሂድ ወይ ውረድ!» ይላል። የጫናችሁት ምሳ ይቀዘቅዛል። ምሳውን ያዘዘው ሰው ደግሞ ስልኩን ደጋግሞ ይመታል።

ለመሆኑ እንዲህ ባለ ሰዓት ባለቤቱ በገዛ እጁ ምን ቢነካ ይበጀዋል? ምን ባይነካስ? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግን አትፈሩ። የማሽን ብልሽት ለአራዳ አዲስ ነገር አይደለም። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ «ሰባራ ባቡር» የሚባል ሰፈር እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን ወደ አገር ቤት አስገብቶ ነበር። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ይህ ጉደኛ ማሽን ተሰብሮ በቆመበት ቀረና ቦታው ስሙን ከብልሽቱ ወሰደ። ልብ በሉ እንግዲህ! ያልተጠገነ ማሽን የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ሌላም ጨዋታ አለ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ የአራዳን መሐል «ፒያሳ» አለው፤ አደባባይ ማለቱ ነው። ባለቤቱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። የቀረው ግን የአደባባዩ ስም ብቻ መስሏችኋል? እስቲ የመሣሪያ ከረጢታችሁን ክፈቱ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ። ሞተሯን ደግሞ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ። ሁሉም የጣሊያን ዘሮች ናቸው። ካንዴላ በአገሩ ሻማ ነው፤ ፍሬቻ ቀስት ነው፤ ማርሚታ ደግሞ ድስት! ጎሚስታው የሚለጥፍላችሁ ከመነዳሪም ቢሆን «የአየር ክፍል» ከሚል ቃል የመጣ ነው። እነዚህን ስሞች በወጉ የሚያውቅ ባለሞተር መካኒክ ፊት ሲቆም ፋራ አይመስልም። ምን እንደተሠራለትና ለምን እንደከፈለም ያውቃል።

አሁን ወደ ሽቅቡ እንመለስ። ሞተሯ ለምን ሳለች? አንዱ ምክንያት ከተማዋ ራሷ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ያላት ሞተር ግን ይህን አታውቅም፤ ለቆላ በተቃኘችበት ልክ ቤንዚኑን ትቀዳለች። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥኑት አዳዲሶቹ ሞተሮች ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ በዚህ በኩል ይሻላሉ።

እንግዲህ ጥግ ያዙና ሞተሯ እስክትበርድ ጠብቁ። ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እንደ ቡና ስኒ አንብቡት። ቡናማ ከሆነ ደኅና ናት፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። በዘይት የራሰ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ ሳያልቅ አልቀረም፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። እንደ ኖራ ከነጣ ደግሞ ሙቀት በዝቷል ማለት ነውና ሳትቆዩ አሳዩት። ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። በሁለቱ ጫፎች መሐል ያለው ክፍተት በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ መመሪያው በእጃችሁ ካለ የእሱን ልክ ያዙ። ስትመልሱት መጀመሪያ በጣታችሁ አዙሩት፤ ቁልፍ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ካዞራችሁት ጥርሱ ይበላል፤ ያን ጊዜ የአምስት ደቂቃው ሥራ የቶርኖ ቤት ሥራ ይሆናል። ደግሞ አደራ፣ ቤንዚን በነካ እጅ ሲጋራ አይለኮስም!

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ይቀየራል። አንዳንዱ «እንዲህማ ከሆነ ለምን አውጥቼ አልጥለውም? አየር እንደልብ ይገባላታል» ይላል። አየሩስ ይገባል፤ አቧራውም አብሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፒስተኑ በአሸዋ እንደታጠበ ድስት ይፋቃል።

ቀጥሎ ካቴና። ስሙ ከእጅ ካቴና ጋር አንድ መሆኑን አትርሱ፤ ከጥርሱ ወጥቶ ከተጠላለፈ የኋላውን ጎማ እንደ እስረኛ ይይዘዋል። በታችኛው በኩል መሐሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢጫወት ልክ ነው። ስታጠብቁ በግራም በቀኝም ያለው ምልክት እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ጎማው ይጣመማል። መገጣጠሚያው ላይ ያለችውን ትንሽ ክሊፕ ደግሞ በደንብ እዩአት፦ የተዘጋው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። ተገልብጣ ከገባች አንድ ነገር ሲገፋት ተስፈንጥራ ትወጣለች። ብዙ ሰው የሚቀባው የተቃጠለ ዘይትም ጥሩ አይደለም፤ የብረት ብናኝ ስላለበት ይሞርዳል። ንጹሕ ዘይት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር መጣን። የፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በእጃችሁ በምትጨብጡት በኩል፣ ጭንቅላቱ ሥር ነው። ለዚህ አንድ የቆየ የመንገድ ዘዴ አለ። መብራት ሠሪዎች ሽቦን ከሽቦ የሚያያይዙባት ባለብሎን ትንሽ ነሐስ አለች አይደል? እሷን በተበጠሰው ጫፍ ላይ አስገብቶ በካቻቢቴ አጥብቆ ማሰር ነው። አዲስ ጭንቅላት ሆነች ማለት ነው! ቀስ እያላችሁ ጋራዥ ታደርሳችኋለች።

እጁ በግራሶ የጠቆረ አንድ አንጋፋ የሠራተኛ ሰፈር መካኒክ ይህንኑ ዘዴ ለአንድ ወጣት ሲያሳዩት ልጁ በጣም ተደሰተ።

«ጋሼ፣ ይቺው ለፊት ፍሬኑም ትሆናለቻ!»

«አትሆንም፣ ልጄ።»

«ለምን? ገመዱ እኮ አንድ ዓይነት ነው።»

«ገመዱስ አንድ ነው። ፍሪሲዮኑ ቢበጠስብህ ባትሄድ ነው፤ ፍሬኑ ቢበጠስብህ ግን ባትቆም ነው።»

ከዚህ በላይ ምን ምክር አለ? እኛም ይህንኑ አሳጥረን እንበላችሁ፦ የሚያስኬዳችሁን ጠግኑ፣ የሚያቆማችሁን ቀይሩ።

ካላመናችሁ ቸርችል ጎዳናን ጠይቁት። ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚወርደው ይህ መንገድ የፍሬን ፈታኝ ነው። ፍሬን ይዞ ብቻ ለሚወርድ ሰው የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ፤ ሞተሯ ራሷ ትያዛችሁ። በተለይ ክረምት፣ አስፋልቱ ሲርስ፣ ፍሬኑን በድንገት አትጭመቁት። ያለቀ ሸራ አይታለልም፣ በፋይል አይሻከርም፤ ይቀየራል። በዘይት ለሚሠራ ፍሬንም የራሱ የፍሬን ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት አይጨመርም፤ የውስጡን ላስቲክ አሳብጦ ያበላሸዋል። መሪው ከላላ፣ ቸርኬው ከተጣመመ፣ ጎማው ከተሰነጠቀም ሕጉ ያው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ፊውዝም አንድ ቃል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ አራድነት የሚመስላቸው አሉ። ፊውዙ የተቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ብሎ ነው። እሱን ስታታልሉት እሳቱን ከመቀመጫችሁ ሥር አስቀመጣችሁት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የያዛችሁም «እኔ ካንዴላ የለኝ፣ ምን ገዶኝ!» አትበሉ። ፍሬኑና ጎማው ያው ናቸው፤ ባትሪውን ደግሞ ራሳችሁ እንዳትከፍቱት።

ዕቃውስ ከየት ይመጣል? የጥንቱ የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን አቋቋመ። ስለዚህ የፒያሳ ባለሞተር መለዋወጫ ሲያምረው ገበያውን ተከትሎ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፤ አሮጌ ብረት የሚፈልግም ምናለሽ ተራን ያንኳኳል። መስታወት፣ የዕቃ መጫኛ፣ ፓራፋንጎ ያገለገለ ብትገዙ አይከፋም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ገመድና ካቴና ግን አዲስ ይሁኑ። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ፤ «ያው ነው፣ ይገባል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተማዋ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከመንገድ አግዳ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ብዙ ወጣት ሞተር የሚነዳው ለሽርሽር ሳይሆን ለእንጀራ ነው፤ የቆመች ሞተር ያልተበላ እራት ናት። ሰፈሩም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሱ። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል። ነገር ግን ሞተር ሲቆም በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «እማማ፣ ጋሼ ፒንሳቸውን ያውሱኝ ይሆን?» የሚባልበት በር አብሮ ሄዷል። ድሮ ሰፈሩ ራሱ የመሣሪያ ሣጥን ነበር። ዛሬ ሣጥኑን ይዞ የሚዞረው ባለሞተሩ ነው።

ስለዚህ ከመቀመጫችሁ ሥር በፌስታል ቋጥራችሁ ይህችን ያዙ፦ ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ፣ ባለ 10 እና ባለ 12 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ያቺን ባለብሎን ነሐስ፣ ሁለት ፊውዝ፣ አንድ የካቴና ክሊፕና ቁራጭ ጨርቅ። ይህ ሁሉ ከአንድ ጫማ ሣጥን አይበልጥም።

አራዳ ማለት ሁሉን የሚነካካ አይደለም፤ እጁ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቅ ነው። ሰባራ ሞተር እያስነሳችሁ፣ ሰባራ ፍሬን እየቀየራችሁ በሰላም ግቡ። ቸር ይግጠመን!