አንዱን መብራት ነቀለብኝ

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በሰዓት የሚከራይ ስቱዲዮ ገብቼ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሀበሻ ሜካፕ አርቲስት ለሥራ ማሳያዋ የሙሽራ ፊት እንዳነሳላት ፈልጋ ነው። ሞዴሏ ጠይም፣ ሹሩባዋን ገና የተሠራች፣ ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት። እንደለመድኩት ሁለቱን ፍላሾች ከነጃንጥላቸው ግራና ቀኝ ስተክል የስቱዲዮው ረዳት ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና አንዱን ነቀለው። «ይሄኛው ምን እንዲሠራልህ ነው?»

ደሜ ፈላ። ፒያሳ ፎቶ ቤት ስንቱን ሙሽራና ስንቱን ተመራቂ አንስቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ደግሞስ ፎቶ ትናንት የገባብን አገር ነን እንዴ? አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ሲያነሳ የዚህ ልጅ ቅድመ አያት ካሜራ ማየቱንም እንጃ!

ልጁ ግን ቀጠለ። ፍላሾቹን ሁሉ አጥፍቶ በአይኤስኦ 100፣ በ1/160 ሰከንድ፣ በኤፍ 8 አንድ ፎቶ አስነሳኝ። ድቅድቅ ጥቁር። «ጥሩ፣ የክፍሉ መብራት አይገባብንም» አለና ቢዩቲ ዲሽ የሚሉትን ሳህን መሰል መብራት ከፊቷ ከፍ፣ ወደ ታች ዘንበል አድርጎ በክንድ ርቀት አቆመው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ በቃሌ አውቃለሁ። መብራቱ ፊት አጠገብ ሲመጣ ከኋላ ያለው ግራጫ ወረቀት በራሱ ጊዜ እንደሚጨልም ግን በሥራ የማየት ዕድል አልነበረኝም። እኛ ፎቶ ቤት መብራቶቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ የሚንቀሳቀሰው ደንበኛው ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ዝም አልኩ። ጠይም ፊት ቅርጹን የሚያወጣው ከጥላው ይልቅ በወዙ ነው። የጉንጯ አጥንት፣ የአፍንጫዋ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈሯ ላይ ያረፈችው ትንሽ ነጸብራቅ፣ ሁሉም በየቦታው። እኛ ያንን ወዝ በፓውደር እንገድለዋለን፣ ከሁለት በኩል በእኩል ብርሃን እናለብሰዋለን፣ የቀረውን በኤዲቲንግ እናቀላዋለን። «ልጄን አጠቆርክብኝ» ብላ የታጠበ ፎቶ የመለሰች እናት የማያውቅ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ አለ?

ጥፋቱ የእናቶች ብቻ አይደለም። ካሜራው ራሱ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊጎትት ይሞክራል። ነጭ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ማቅላት ልማድ ሆኖ ይቀራል። ረዳቱ ላይት ሜትሩን አገጯ ሥር ይዞ ነጯን ድቡልቡል ወደ መብራቱ አዙሮ ነው የለካው። የሚለካው በፊቷ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሆነ ቀሚሱ ነጣ፣ ፊቷ ጠየመ፣ ለመሣሪያው ለውጥ የለውም። እኛ ቤት ላይት ሜትር መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው ያለቀ።

አንድ ነገር ላይ ግን በለጥኩት። ከአገጯ ሥር ያለውን ጥላ ለማለስለስ ነጭ ሰሌዳ ሊያመጣ ሲሄድ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ዘርግታ እንድትይዘው ነገርኳት። ብርሃኑ ከነጠላው ተመልሶ አንገቷን አወጣው። ሰሌዳውን እንደያዘ ቆሞ አየና መልሶ አስቀመጠው። ለካ የሀበሻ ልብስ ሬፍሌክተሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

ሌላው የናፈቀኝ እጅ ነው። እዚህ ሞዴሏን ሳታስፈቅድ አትነካም፤ «አገጭሽን በጣም ትንሽ ወደ ግራ» እያልክ ግማሽ ሰዓት ትለፈልፋለህ። ፒያሳ አለቃዬ ጋሼ በሁለት ጣት አገጯን ቀና፣ በሌላኛው እጁ ነጠላዋን ጠጋ አድርጎ «በቃ፣ እንዳትተነፍሺ!» ካለ አለቀ። ስንቷ ልጅ እየተሳቀቀች ዝም እንዳለች ግን ጠይቀን አናውቅም፤ ስለዚህ የፈረንጁን ማስፈቀድ ብዙም ላማው አልችልም።

ሜካፕ አርቲስቷ የአንዱን መብራት ፎቶዎች መርጣ ሄደች፤ የዐይን ጥላውና የቅንድቡ ሥራ ቁልጭ ብሎ ስለታየላት። ሞዴሏ ግን ወደ ኋላ ቀርታ «ለእማዬ የምልከው አንድ በሁለቱ ጃንጥላ አንሳኝ፣ ቀላ ያለ» አለችኝ። ከጭቅጭቁ ሁሉ በኋላ የነቀለውን ፍላሽ መልሶ የተከለው ራሱ ረዳቱ ነው። ያነሳሁላትም ፎቶ፣ እውነቱን ልናገር፣ አልከፋኝም። ዘመድ አዝማድ በሦስት ረድፍ ተደርድሮ በአምስት ደቂቃ መነሳት ያለበት ሠርግ ላይ ቢዩቲ ዲሽ ይዤ አልሄድም፤ ለፊት ብቻ ከሆነ ግን ላይት ሜትር አዝዣለሁ።