ሰንጠረዥም አማና ነው



የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ መስጂዳችን ውስጥ ላፕቶፕ ይዘው ጥግ ጥግ የሚቀመጡ ተማሪዎች ይበዛሉ። አንዳንዶቹ "ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ" ይሉኛል። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም፤ ያደግኩት መድረሳ ነው። ስለ ሰንጠረዥ ግን መድረሳ ያስተማረኝ ነገር አለ።

ኡስታዛችን ሚራስ ሲያስተምሩን መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ሳጥን ይሠሩ ነበር። አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት ንብረቱ በ24 ይከፈላል፦

ሚስት — 3
ወንድ ልጅ — 14
ሴት ልጅ — 7
ድምር — 24

ድምሩ 24 ካልመጣ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በረጅም አንቀጽ ቢጻፍ የሴቷ ልጅ 7 ድርሻ በወሬ መሀል ሊጠፋ ይችላል። በሰንጠረዥ ሲቀመጥ ግን ማንም ሊደብቅባት አይችልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባግዳዱ ክርስቲያን ሐኪም ኢብን ቡጥላን "ተቅዊም አስ-ሲሓ" የተባለውን የጤና መጽሐፉን ያዘጋጀው በሰንጠረዥ ነው። የምግቡ ጠባይ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ፣ የጉዳቱም ማስተካከያ በየሳጥኑ ተቀምጧል።

ታዲያ መቼ ሰንጠረዥ፣ መቼ ግራፍ? አንባቢው ምን እንደሚጠይቅ እዩ። በረመዳን የመስጂዱ በር ላይ የምንለጥፈው የማፍጠሪያ ሰዓት ሰንጠረዥ ነው፤ ጾመኛው የሚፈልገው ደቂቃዋን ነውና። በግራፍ ብንለጥፈው ማን ያፈጥርበታል? ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ከወር ወር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማሳየት የፈለገ ተማሪ ግን 365 ረድፍ ቁጥር ቢደረድር ማንም አያነብለትም። አንድ መስመር ይበቃዋል።

አንዳንዴም ምስል ብቻ የሚያሳየው ነገር አለ። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲጨርስ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ሟቾችን በየቤታቸው ካርታ ላይ በጥቁር ምልክት አሰፈረ። ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ያለውን የውሃ ፓምፕ ከበው ታዩ። የስም ዝርዝር ብቻ ቢያቀርብ ኖሮ ይህን ማን ያስተውል ነበር?

ዓይን ግን ይታለላል። አንድ ተማሪ ሁለት የማስተማሪያ ዘዴዎችን አወዳድሮ ውጤቱን በባር ግራፍ አሳየኝ። የአዲሱ ዘዴ ባር የድሮውን ሦስት እጥፍ ያህላል። ቁጥሩን ስጠይቀው የድሮው አማካይ 52፣ የአዲሱ 56 ነው። ግራፉ የጀመረው ከ50 ነበር!

"ሶፍትዌሩ ራሱ ነው እንዲህ ያደረገው" አለኝ።

"ከዜሮ አስጀምረው" አልኩት። አስጀመረው። ሁለቱ ባሮች እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ልጁ ዝም አለ።

"ኡስታዝ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ውጤቴ ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው በል" አልኩት።

ወላሂ፣ ከባድ ነበር፤ የዓመት ልፋቱ ነው። ግን ያንን ግራፍ አይቶ ዘዴውን ክፍሉ ውስጥ የሚሞክር መምህር ቢመጣስ? እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ሆኖ ሥዕሉ ሊያሳስት ይችላል። አንባቢው ዓይኑን አምኖ ሰጥቶናል፤ ይህ አማና ነው።

ለምትጽፉ ሁሉ ጥቂት ልጨምር፦

• ሰንጠረዡ ወይም ግራፉ ከጽሑፉ ተነጥሎ ቢታይ እንኳ ይግባ። ርዕሱ ምን፣ የት፣ መቼ እንደተለካ ይናገር። መለኪያው ኪሎ ይሁን ብር፣ ስንት ሰው እንደተጠየቀም ይጻፍ።
• ሰንጠረዡ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ በአንቀጽ አትድገሙት። አንባቢው ልብ እንዲል የምትፈልጉትን ብቻ ጥቀሱ።
• በጽሑፉ ውስጥ "ሰንጠረዥ 2ን ይመልከቱ" ያልተባለለት ሰንጠረዥ ያለ ሥራ የተቀመጠ ነው።
• ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች አሉ፤ በጥቁርና ነጭ የሚያትምም አለ። በቀለም ብቻ አትለዩ።

አንድን ግራፍ ከማስረከባችሁ በፊት ቁጥሮቹን ሸፍናችሁ ለጓደኛችሁ አሳዩትና "ምን ተረዳህ?" በሉት። የተረዳው ቁጥሩ ከሚለው ከበለጠ፣ ግራፉን እንደገና ሥሩት።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን።