የማን ልጅ ነህ?

ሰው ከአገሩ ተነሥቶ በታላቅ ከተማ አጠገብ ሊሰፍር ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የቤቱ ኪራይ ስንት ነው? ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ከሥራው ቦታ ምን ያህል ይርቃል? ይህም መጠየቁ የተገባ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም፤ አቅሙን ያልመዘነ ሰው ትዳሩን ሊያጸና አይችልምና። ነገር ግን አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱንም ደላላ አይመልሰውም፤ በውል ወረቀትም አይጻፍም። ሎጥ ከአብርሃም በተለየ ጊዜ የዮርዳኖስን ሜዳ ልምላሜ አይቶ መረጠ፤ ውሃውንና ሣሩን ተመለከተ እንጂ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች እንዴት ያሉ እንደ ሆኑ አልመረመረም። ከቤተ ሰቡ ጋራ ያገኘውንም መከራ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ጎረቤት የሚለው ቃል ከሁለት ቃል የተጋባ ነው። ጎር በግዕዝ በአጠገብ የሚኖር ሰው ነው፤ ቤትም ያው ቤት ነው። ቃሉን ያጋቡት አባቶች ሰውን አስቀድመው ቤትን አስከተሉ። ቤት ፈላጊው ግን ብዙ ጊዜ ቤትን አስቀድሞ ሰውን ያስከትላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ታሪክ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው።

በአምባሰል፣ በውጫሌ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ጸሐፊ በ2010 ዓ.ም. መስከረም ሥራው ወደ ደሴ ተዛወረ። ውጫሌ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት ስሟ በውጭ አገር ሁሉ የታወቀ ነው፤ ለእርሱ ግን ማንም ማንን የሚያውቅባት፣ የልጅነት ከተማው ነበረች። ይህም ሰው ሚስትና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ፣ ደግሞም የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበሩት።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ስሟን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንዳወጡላት ይነገራል፤ ንጉሥ ሚካኤልም መዲናቸው አድርገዋት ነበረ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከነዙሪያዋ ከ150,000 በላይ ነዋሪ ተቆጠረባት። በወይዘሮ ስሂንና በመምህር አካለ ወልድ ስም የተሰየሙት ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሉና ገበያው ሁሉ ከዚያ ስለሚገኙ፣ ልጆች ያሉት ሰው ልቡ ወደ እርሷ ቢሳብ አያስደንቅም። ነገር ግን ተራራ ከዚህም ከዚያም አጥብቦ ስለያዛት ሰፊ ግቢ በቀላሉ አይገኝባትም።

ጸሐፊውም በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ተከራዮች በሚኖሩበት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየ። ከስድስቱም መካከል ሁለት ወር ሳይሞላው የሚለቅ፣ ሌላውም በእግሩ የሚተካ ነበረ። በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ቀን ልጁ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወርዱትን ሰዎች ተከትሎ ሄደና መንገዱ ጠፋበት። እስኪመሽ ድረስ በብዙ ሺህ ሰዎች መካከል ሲመላለስ ዋለ፤ እርሱም አላለቀሰም፤ ማንም አልጠየቀውም። በመጨረሻ እናቱ ከአንድ የጨው ሻጭ ድንኳን አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። የገበያው ሰዎች ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጁ የሌላው ሰው ልጅ መስሎት ነው እንጂ። በዚያች ሌሊት ሚስቲቱ «ከዚህ አልኖርም» አለች፤ ባልየውም ሌላ ስፍራ ለመፈለግ ተነሣ።

አስቀድሞ ከደሴ በስተ ደቡብ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ያላት፣ ሙቀቷ ለሕፃናት የሚስማማ፣ ፋብሪካና የአውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት። ነገር ግን የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ቤት ፈላጊው በርክቶ ስለ ነበረ፣ ያየው ቤት ኪራዩ ከደሴ እምብዛም የማይሻል ሆኖ አገኘው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሰሜን፣ በወልድያ አውራ ጎዳና ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ ደረሰ። ሐይቅ የሚለው ቃል በግዕዝ የባሕር ዳር፣ የውሃ ጠረፍ ማለት ነው፤ ኋላ ግን ውሃው ራሱ በጠረፉ ስም ተጠራ። ውሃው ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ እርሱ የሚገባ እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መጥተው ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚያ አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ይህ ነው።

ባልና ሚስቱ ከልጆቻቸው ጋራ ሊሳለሙ ሄዱ። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባምና ባልየው ወንዱን ልጅ ይዞ ገባ፤ ሚስቲቱም ትንሿን ልጅ አዝላ በውጭ ከተቀመጡት ሴቶች ጋራ ቆየች። ባልየው በተመለሰ ጊዜ ስለ ውሃው ማማር፣ ስለ አየሩ ጥራትና ስለ አዕዋፉ ዝማሬ ብዙ ተናገረ። እርስዋ ግን ስለ ውሃው አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጅ አውራ ጎዳናውን ሳይሻገር ከትምህርት ቤት የሚደርስበት ሰፈር የትኛው እንደ ሆነ፣ በሌሊት ምጥ ቢመጣ በማን መኪና እንደሚኬድ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማንስ እንደሚያስታርቅ ጠይቃ ሰምታ ነበረ። በሐምሌ ወር እርስዋ ባመለከተችው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ባልየውም ለወዳጆቹ ሲያወራ «እኔ የመረጥሁት ቦታ» ይል ነበረ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ልጁ ትምህርት ጀመረ፤ አባትየውም መንገዱን ጀመረ። ጠዋት በ11 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ከሥራም በኋላ ለቤት ኪራይ ድጎማ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሠራ ስለ ነበረ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። በአንድ ሳምንት 300 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ወር 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበረ፤ ይኸውም ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ የመሄድ ያህል ነው። እሑድም ደክሞት ይተኛል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለልጆቹ ሲል መሆኑን ያውቅ ነበረና ልቡ አይወቅሰውም ነበረ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ልጁ ከሁለት ታላላቅ ልጆች ጋራ ወደ ውሃው ወረደ። ሁለቱ ልጆች በዳር ታስራ የነበረችውን ታንኳ ፈትተው ገቡባት፤ እርሱም ሊከተላቸው እግሩን አነሣ። በዚያን ጊዜ ውሃ ሊቀዱ የወረዱ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ከኋላው ሸሚዙን ይዘው መለሱት።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ልጁም የአባቱን ስም ተናገረ።

«እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም፤ በዚህ ሰፈር የለም» አሉ።

ልጁ ፈርቶ አለቀሰ። ባልቴቲቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አብሽር፣ አታልቅስ፤ እናትህስ ማን ትባላለች?» ብለው ጠየቁት። የእናቱን ስም በነገራቸው ጊዜ ፊታቸው በራ። «የእርስዋ ነህን! ከእኛ ሐዘን ቤት ሦስት ቀን እንጀራ ስትጋግር የሰነበተችው!» አሉና እንስራቸውን በዳር ትተው፣ ሁለቱንም ልጆች ተቆጥተው ከታንኳይቱ አስወርደው፣ ሕፃኑን በእጁ ይዘው እስከ እናቱ ደጅ አደረሱት።

ማታ አባትየው ነገሩን በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ደነገጠ፤ ቀጥሎም ልጁ ስለ ዳነ ደስ አለው። በኋላ ግን «በዚህ ሰፈር የለም» የሚለው ቃል በልቡ ቀረ። ሊተኛ ቢል እንቅልፍ እንቢ አለው። ሚስቲቱም ነቅታ ነበረና «ምን ይደረግ፤ አንተን የሚያውቁህ የመኪናው ረዳቶች ብቻ ናቸው» አለችው። ይህን ያለችው ልትሰድበው አልነበረም፤ ስለዚህም ነገሩ ይልቁን አቆሰለው። የቤቱን ኪራይ በየወሩ የሚከፍለው እርሱ ነበረ፤ የመኖሪያውን ዋጋ በየቀኑ ስትከፍል የኖረችው ግን እርስዋ ነበረች።

በወሎ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ በሌላው አገር እድር ከሚባለው ጋራ ይመሳሰላል። የሞተውን ይቀብራል፣ ያዘነውን ያጽናናል፣ የተጣላውንም ያስታርቃል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በአንድነት ይገቡበታል። ጸሐፊው በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ቅሬው ሽማግሌ ቤት ሄደና ስሙን አስመዘገበ። የትርፍ ሰዓቱንም ሥራ ተወ፤ ገቢው ስለ ጎደለ በዚያ ዓመት ለልብስ ያሰበውን ገንዘብ ለእህል አዋለ። ከዚያም ወዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባ ጀመረ። መቃብር ሲቆፈር ቆፈረ፤ የሙስሊሙም አስከሬን ሲወጣ ቃሬዛ ተሸከመ። ሰውም ቀስ በቀስ በስሙ ጠራው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ውጫሌን አልፎ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በቀረበ ጊዜ እርሱ ለሥራ ደሴ ውሎ ወደ ቤቱ መመለስ አልቻለም። ስልክ ቢደውል አይሠራም፤ መኪናም የለም። ከከተማው ዳር ወጥቶ በእግር የሚጎርፈውን ሕዝብ እየመረመረ አንድ ሌሊት አደረ። በነጋም ጊዜ የቅሬው ሽማግሌ ከገዛ ቤተ ሰባቸው ጋራ ሲመጡ አየ፤ ሚስቱና ወንድ ልጁ ከኋላቸው ነበሩ፤ ትንሿንም ልጅ የሽማግሌው ልጅ በትከሻው ተሸክሟት ነበረ። ሽማግሌውም በስሙ ጠርተው «እነሆ፣ ቁጠራቸው» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ ሰው የኪራይ ውሉን ወረቀት በኪሱ ይዞ ነበረ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ግን ይህን የሚያዝ አንቀጽ አልነበረበትም።

ይህ ነገር በሐይቅ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአዲስ አበባም ከጥንቱ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ይልቅ የጸዳ ይሆናል፤ በርና መስኮቱም ይገጥማል። ነገር ግን የቡናው ጎረቤትና አሮጌው እድር ከዕቃው ጋራ በመኪና ተጭነው አይሄዱም፤ በሄዱበት ስፍራ እንደ አዲስ ሊተከሉ ይገባል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ የቅርቡ ጎረቤት ግን በቅርብ ስለ ተቀመጠ ብቻ ጎረቤት እንደማይሆን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከከተማ ዳር ቤት ልትከራይ ወይም ልትሠራ ባሰብህ ጊዜ ኪራዩን ጠይቅ፤ ውሃውንም መርምር፤ መንገዱንም ለካ። ቀብድ ሳትከፍል ግን ወደ ማታ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ሰዓት፣ በዚያ ሰፈር መንገድ ዳር ጥቂት ቁም። ለማያውቁት ሕፃን «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሰው ከሰማህ ስፍራው መልካም ነው። ከገባህም በኋላ ልጅህ ለዚህ ጥያቄ ስምህን በተናገረ ጊዜ «አላውቀውም» እንዳይባል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤትህ ግባ።