ያልተተኮሰው ጠመንጃ

አያቴን ነፍሰ ገዳይ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። በወረቀት ላይ ነው፣ አትደንግጡ። መካሪዬ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጭር ልቦለድ መጻፍ አማረኝና ለጫማ የተሰጠኝን ብር ይዤ ከአንበሳሜ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር ተሳፈርኩ። መጽሐፍ አዟሪው ስለ አጻጻፍ ያለውን ሲደረድርልኝ በአጭር ጊዜ ደራሲ እንደሚያደርገኝ ሽፋኑ ላይ ቃል የገባልኝን መረጥኩ።

መጽሐፉ ሁለት ሕግ አስጨበጠኝ። አንደኛ፣ ግጭት ከሌለ ታሪክ የለም። ሁለተኛ፣ የቼኾቭ የታወቀው ምክር፦ መጀመሪያ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ በኋላ መተኮስ አለበት። ታዲያ ምን ጎደለኝ? አያቴ ቤት ጠመንጃ ተሰቅሎ ኖሯል! በሦስት ገጽ ውስጥ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር አጣላኋቸውና አስተኮስኳቸው።

እህቴ አንብባ ስትጨርስ አልሳቀችም።

«አባባ በዚያ ጠመንጃ ሰው ላይ ተኩሰው ያውቃሉ?» አለችኝ። «ሲሞቱስ ቃሬዛቸውን ማን ተሸከመ?»

ዝም አልኩ። የተሸከመው ያ «የገደሉት» ጎረቤት ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ጎበዝ፣ በእኛ አገር ጠመንጃውን ሰቅሎ፣ እየወለወለ ኖሮ፣ በሰው ላይ ሳይተኩስ የሚሞት ሽማግሌ ሞልቷል። ታሪኩ እዚያው አለመተኮሱ ውስጥ ነው። ቼኾቭ ጥፋት የለበትም፤ ሥራ የሌለው ዕቃ ታሪክ ውስጥ አታስገቡ ነው ያለው። ጥፋቱ ምክርን እንደ አዋጅ የሚያውጅ መጽሐፍ መግዛቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ አመራረጤ ተቀየረ። መጀመሪያ የምገዛው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው፤ የታደሰ ሊበንን «መስከረም» (1949 ዓ.ም.) ወይም የአዳም ረታን «ማህሌት» (1981 ዓ.ም.)። የአጻጻፍ መጽሐፉን ሕግ በእነሱ ላይ እፈትናለሁ። ሕጉ ጥሩውን ታሪክ ከጣለ፣ የምጥለው ሕጉን ነው።

ቀጥሎ መጽሐፉ ለምን እንደተጻፈ አያለሁ። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» (1992 ዓ.ም.) ሥነ ጽሑፍ ከምን ከምን እንደሚሠራ ለይቶ ያሳየናል። ጥሩ ካርታ ነው፤ ካርታ ግን በእግራችን አይሄድልንም።

በመጨረሻ፣ ምክሩ ምክንያት አለው ወይ እላለሁ። ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. ስለ ሆውቶርን ሲጽፍ አጭር ታሪክ በአንድ ቁጭታ ተነቦ አንድ ስሜት ያሳድር ያለው ምክንያቱን አስረድቶ ነው፦ አንባቢው ከተነሣ የዓለም ጉዳይ መሐል ገብቶ ስሜቱን ያፈርሰዋል። ምክንያቱን ካወቅን ሕጉን መቼ እንደምንተው እናውቃለን። አዳም ረታም የአተራረክ ቅርጹን ያወጣው ከማንም አዋጅ ሳይሆን ከእንጀራ ነው።

እንጀራ ካልኩ አይቀር፣ አያቴ ሜዳው ላይ ሩዝ እየዘሩ፣ እየሸጡ፣ ለዓመታት የሩዝ እንጀራ አልቀመሱም። በመጨረሻው ዓመታቸው ጤፍ ሲወደድ ለሴት አያቴ ቀስ ብለው «እስቲ ቀላቅይበት» አሏት። ማንም አልተጣላም። ማንም አልተኮሰም።

አሁን የምጽፈው ይህንን ነው። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ አለ፤ እዚያው ይቆያል። እህቴ እስካሁን ሁለት ገጽ አንብባለች፤ ሦስተኛውን እየጠበቀች ነው።

ጫማዬ ግን አሁንም ያው ነው።