የጭሮ ልጅ በሬጉሌተር ምን ይሠራል?

«ሬጉሌተር ልገዛ ነው» ብዬ ለእናቴ ስነግራት «ያኛውስ ምን ሆነ?» አለችኝ። ያኛው የምትለው የቡታጋዙን ነው። አልፈርድባትም። ጭሮ ውስጥ ሬጉሌተር ካላችሁ ሰው ትዝ የሚለው የቡታጋዙ፣ የባጃጁ፣ ሲበዛ ደግሞ በያጆች ኦክስጅን ላይ የሚታሰረው ነው። አፍ ውስጥ ተነክሶ ባሕር ውስጥ የሚተነፈስበት ሬጉሌተር መኖሩን የሚያውቅ ሰው ከሚኤሶ እስከ መቻራ ብትዞሩ ብታገኙ ይገርመኛል።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ጭሮ (ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ይላታል) ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በጨርጨር ተራሮች መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። ጫት አለን፣ ቡና አለን፣ ዳገት እንደ ጉድ አለን። ውሃ ግን... የጄሪካን ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል። ሐይቅ ሲባል ትዝ የሚለን ምሥራቅ ሐረርጌ ያለው ሐሮማያ ነው፤ እሱም እንኳ አንድ ሰሞን ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ውሃ መልሶ የያዘው ከዓመታት በኋላ ነው። እንዲህ ካለ አገር የወጣ ልጅ ጠላቂ ዋናተኛ ሆንኩ ሲል መሳቅ ያለ ነው። እኔም ስቄያለሁ።

ጅቡቲ ግን ቅርባችን ናት። በሂርና፣ በጨለንቆ፣ በቁልቢ አድርጋችሁ ደንገጎን ቁልቁል ከወረዳችሁ ድሬዳዋ ናችሁ፤ ከዚያ በደወሌ በኩል ባሕሩ ነው። እዚያ ዘመድ ነበረኝ። ልጠይቀው ሄጄ፣ ሰዎች በጀልባ ወጥተው ጀርባቸው ላይ ሲሊንደር አዝለው ወደ ኋላ ሲንከባለሉ አየሁ፤ ለሁለት ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ያጠራቀምኳትን ይዤ ተመዘገብኩ። የጀማሪውን ኮርስ ጨርሼ እስከ 18 ሜትር መጥለቅ የሚያስችለኝን ወረቀት ተቀበልኩ። ወረቀቱን ጭሮ ላይ ለማን አሳያለሁ? ለማንም። ግን ኪሴ ውስጥ አለ።

እናላችሁ፣ ወረቀቱን የያዘ ሰው ሁሉ የሚይዘው በሽታ ያዘኝ፤ የራሴ ዕቃ ይኑረኝ የሚል በሽታ። የኪራዩ ሬጉሌተር ስንት ሰው ነክሶታል፣ ማን አስሎበታል እያልኩ አስብ ጀመር። ጅዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ «አቦ ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቀው?» ብሎ፣ አንድ ጠላቂ በርካሽ የሸጠለትን ያገለገለ ሬጉሌተር በሰው ላከልኝ። ስሙ የገነነ ማርካ ነው፤ አዲስ በነበረበት ጊዜ ከሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ። ሲያዩት ያብረቀርቃል። በሻንጣ ተጠቅልሎ ጭሮ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ አየው፤ አንዱ የሞተር ካርቡራተር ነው ብሎ ተወራረደ።

ዕቃውን በትክክል ያነበበው ግን ሰፈራችን ያለው በያጅ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ብረት በይዷል። ተቀብሎኝ አገላበጠው፤ ከዚያ ሞርሳው አጠገብ የቆመውን የኦክስጅን ሲሊንደር አሳየኝ። «ይኸው ያንተ ዕቃ» አለ። «ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት እንዳለ ቢለቀቅ ቱቦውን ይቀደዋል። ይሄ ራሱ ላይ ያለው ይቀንሰዋል፤ ውስጡ ሞላ አለ፣ ጎሚኒ አለ። ያንተስ?» የእኔም ያው ነው። ሲሊንደር ላይ የሚታሰረው፣ የመጀመሪያው ደረጃ የሚባለው፣ የ200 ባር ግፊትን ከአካባቢው ግፊት በላይ ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። አፍ ውስጥ የሚነከሰው ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ያንን እንደገና ቀንሶ፣ ስትስቡ ብቻ ይሰጣችኋል፤ ካልሳባችሁ ዝም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የጋሼ ከተከፈተ እስኪዘጋ ይነፍሳል፤ የእኔው ትንፋሽ ይጠብቃል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥርም የውሃውን ግፊት እያየ አብሮ ይጨምርላችኋል፤ 10 ሜትር ላይ ላይኛው አየር ላይ ካለው ሁለት እጥፍ፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ።

(በነገራችን ላይ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ኦክስጅን አይደለም። ይሄው እናንተ የምትተነፍሱት አየር ታምቆ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ይዛችሁ ብትጠልቁ ብዙም ሳትርቁ መርዝ ይሆንባችኋል። ለእናቴ ይሄን ለማስረዳት አንድ ጀበና ቡና አልቋል።)

ጋሼን ያስደሰተው የዕቃው ታሪክ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ሬጉሌተር እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛ ናቸው። ኩስቶ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ጋኛ መሐንዲስ። ጦርነት ነው፣ ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ናት፣ ቤንዚን የለም፤ መኪና በጋዝ ይነዳ ነበር። ጋኛ ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ጋዝ ብቻ የሚለቅ ትንሽ ሬጉሌተር ነበረው፤ ኩስቶ መጥቶ ለሰው የሚሆን ዕቃ ሲጠይቀው ያንኑ ቀየረለት። «ስለዚህ ልጁ ካርቡራተር ነው ያለው ብዙም አልተሳሳተም» አለ ጋሼ። እኔም ውርርዱን ክፈሉት ብያለሁ።

ያብረቀረቀውን ዕቃ ይዤ ጅቡቲ ወረድኩ። ሙሻ ደሴት አጠገብ፣ ሦስተኛው ጥልቀቴ ላይ፣ 12 ሜትር ገደማ ስደርስ ትንፋሼ እርጥብ ሆነ። መጀመሪያ ምራቄ መሰለኝ። ቀጥሎ የሳብኩት ግማሹ አየር ግማሹ ጨው ውሃ ነበር። አሳለኝ። ስስል ደግሞ መልሼ መሳብ አለብኝ፤ ስስብ ደግሞ ውሃ። ያ ሰዓት ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገራችሁ... ላይ ብርሃን ይታያል፣ ቅርብ ይመስላል፤ ጭንቅላታችሁ «ሩጥ» ይላችኋል። ትንፋሽ ይዞ መሮጥ ግን ሳንባ ይቀዳል፤ ይሄን ኮርሱ ላይ መቶ ጊዜ ነግረውኛል። እጄን ዘርግቼ አስተማሪውን ያዝኩት። አላንገራገረም፤ ትርፍ አፉን (ኦክቶፐስ ይሉታል፣ ለጓደኛ የሚያዝ ሁለተኛ አፍ ነው) ሰጠኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ቀስ ብለን ወጣን። ጀልባው ላይ ደርሼ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሻይ ያዙልኝ ሁሉ።

ችግሩ ምን ነበር? የሚነከሰው ጎማ ፋሼታው ከሚያስረው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። በቃ። ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ጎማ። በጣት ጎተት ቢደረግ ይታይ ነበር። ሌላም ቀላል መፈተሻ አለ፤ ጭሮ ላይ ያለ ምንም ሲሊንደር የሚሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የአቧራ ክዳኑን አጥብቆ አስሮ አፉን መሳብ። ምንም መምጣት የለበትም። አየር ከመጣ፣ ውሃም ይመጣል። እኔ ዕቃውን ፎቶ ሳነሳ ከርሜ ይሄን አላደረግኩም። የሸጠውን ሰው መርገም ይቻላል፤ ግን አፌ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

ለማንኛውም «እንግዲያው ሙሉ ሰርቪስ ይደረግ» ተባለ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል፤ የጎሚኒና የሞላ መለዋወጫው በአካባቢው አይገኝም። ሰርቪስ የሌለው ሬጉሌተር ደግሞ፣ ማርካው ምንም ይሁን፣ ብረት ነው። አምራቾች አብዛኞቹ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ፣ አለዚያ ወደ 100 ጥልቀት ገደማ ሲሞላ ይፈታ ይላሉ። ሳትጠቀሙበትም ቢሆን ጎሚኒው ይደርቃል።

አሁን ወደ ገደለው። እንደኔ ጀማሪ የሆነ ሰው አዲስ ሬጉሌተር ሊገዛ ሲነሳ የሚሰማው ክርክር መአት ነው። ፒስተን ይሻላል፣ ዲያፍራም ይሻላል። ባላንስድ ካልሆነ አትንካ። እኔ ከዚህ ሁሉ ያወጣሁትን ልንገራችሁ፤ የምትስማሙ ተስማሙ።

ባላንስድ የሚባለው ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል እንኳ አሳሳቡ እኩል የሚሆንላችሁ ነው። ባላንስድ ያልሆነው መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠንከር ይላል። ግን እኔ 18 ሜትር የምወርድ፣ 50 ባር ሲቀረው የምወጣ ሰው ነኝ፤ ልዩነቱን ቆሜ ካልፈለግኩት አላገኘውም። ተራው ፒስተን ደግሞ ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ጋሼ ሥዕሉን አይቶ «አንድ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፤ ምኑ ይበላሻል?» ያለው ነው። የስኩባፕሮ ኤምኬ2ና የክሬሲ ኤሲ2 የሚባሉት ከዚህ ዘር ናቸው፤ ከነሁለተኛው ደረጃቸው ከሁለትና ሦስት መቶ ዶላር ጀምሮ ይገኛሉ። ዲያፍራሙ ጨውና ደለል ወደ ውስጥ ስለማያስገባ ይመረጣል፤ እውነት ነው፣ ገንዘብ ያለው ይግዛ። ለበረዶ ውሃ ተብሎ የታሸገውን ግን ለጅቡቲ ባሕር ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ነጋዴ ካጋጠማችሁ፣ በደረታችሁ ላብ እየወረደ ስቃችሁ ውጡ።

አስተሳሰሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሞርሳ ሲሊንደሩን ከላይና ከታች ይዞ የሚጨመቅ፤ ሁለተኛው፣ ዲን የሚባለው፣ በጥርስ ገብቶ የሚጠብቅ። ዲኑ ጎሚኒውን ውስጥ ስለሚይዘው ይጠብቃል፤ እኔም ልቤ ወደሱ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የምትጠልቁበት ቦታ ሲሊንደር የትኛውን ይቀበላል የሚለው ነው። ያስተማረኝ ክበብ ሲሊንደሮች ሁለቱንም የሚቀበሉ ስለነበሩ ተገላገልኩ።

ከሁሉ በላይ የወሰነልኝ ግን ይሄ አይደለም። የክበቡን ቴክኒሻን ጠርቼ «እናንተ የምታከራዩትን ማን ይፈታዋል?» አልኩት። «እኔ» አለኝ። «መለዋወጫውስ?» መሳቢያ ከፍቶ አሳየኝ። እሱን ገዛሁ። ያንኑ ስንት ሰው ነከሰው እያልኩ የተጸየፍኩትን ዓይነት፤ አዲሱን። አይብለጨለጭም። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ «ይሄማ የድሃ ነው» አለኝ። እኔም የድሃ ነኝ፤ ተስማማን።

እውነቱን ከተነጋገርን መግዛትም አልነበረብኝም። ጭሮ እየኖረ በዓመት ሁለቴ የሚጠልቅ ሰው ለኪራይ ከፍሎ ቢመለስ በሒሳብ ያዋጣዋል። ገንዘብ ካለው መጀመሪያ ፊቱ ላይ ልክ የሚሆን ማስክ፣ ቀጥሎ የጥልቀት ኮምፒውተር ይግዛ። ጅቡቲ ላይ ስሙ የገነነውን ዓሣ ነባሪ ሻርክ እንኳ ብዙው ሰው የሚያየው በተራ መተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፎ ነው። ታዲያ ለምን ገዛሁ? ከዚያ ከ12 ሜትሩ ትንፋሽ በኋላ፣ የማላውቀውን ዕቃ መንከስ ስላቃተኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። እኔው ያጠብኩት፣ እኔው ያደረቅኩት፣ ማን እንደነካው የማውቀው ካልሆነ መውረድ አልቻልኩም።

ጭሮ ላይ መያዙ ራሱ ሥራ ነው። ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ ይባላል፤ እኔ በግማሽ ባልዲ ነው የማጥበው፤ ውሃውን እናቴ ለሽንት ቤት ታስቀምጠዋለች። ክዳኑ ደርቆና ጠብቆ ካልታሰረ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ ውስጥ እያለም የመንፊያውን ቁልፍ መጫን ክልክል ነው። ከዚያ ጥላ ሥር ይሰቀላል። ፀሐይ ጎማ ትበላለች፤ አቧራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አንድ ሬጉሌተርን የማይመለከት ነገር ልጨምር፤ ለኛ አገር ሰው ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት መኪና ተሳፍሮ ወደ ጭሮ መውጣት የለም። ከባሕር ጠለል ተነስታችሁ ቁልቢ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ፤ ደማችሁ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን በዚያ ከፍታ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ለአውሮፕላን የሚመከረው ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። እኔ ዳገታችንን እንደ አውሮፕላን ነው የምቆጥረው፤ አንድ ሌሊት አድሬ ነው የምነሳው። ዘመዴ ለምን እንደምቆይ አልገባውም፤ ራቱን የወደድኩለት ይመስለዋል።

ባለፈው ወረድኩ። ያው ሙሻ አጠገብ፣ ያው 12 ሜትር። ቆም ብዬ አንድ ጊዜ ሳብኩ። ደረቅ ነው። ደግሜ ሳብኩ።

ያብረቀረቀው አሁን ጋሼ ሱቅ ነው። ፈትቶ ዕቃዎቹን በጋዜጣ ላይ በተርታ ደርድሯቸዋል፤ ባለፍኩ ቁጥር ይጠራኛል። «ስማ፣ ጎማውን ከከመነዳሪ ቆርጬ ብገጥምለትስ?»

«አይሆንም ጋሼ» እለዋለሁ።

«አቦ ሞክረን እንየው!»