ተክሎ መሄድ

በደርግ ዘመን በላስታ ብልባላ ተማሪ ሳለን፣ ሰኔ ሲገባ ደብተራችንን አስቀምጠን ተሰልፈን ወደ ተራራው እንወጣ ነበር። ጥቁር ላስቲክ የለበሰ ችግኝ በየእጃችን ይሰጠናል። እርከኑን አባቶቻችን ቀድመው ሠርተውታል፤ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት ያልተካበ ድንጋይ በላስታ አልነበረም ማለት ይቻላል። መምህራችን ላስቲኩ ሳይቀደድ ችግኝ እንዳይተከል አጥብቀው ያስጠነቅቁናል፤ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራልና። ምላጭ ስላልነበረን በጥርሳችን እንቀደው ነበር። የአፈሩ ጣዕም እስከ ማታ ከአፋችን አይጠፋም።

የምንተክለው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። ዛፉ ሲያድግ የማን እንደሚሆን የነገረን ሰው የለም። ሽማግሌዎቹም «የመንግሥት ዛፍ» ይሉት ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የወሎ ተራሮች ላይ የሆነው በእኛም ላይ ሆነ፤ ዛፉ በመጥረቢያ ወረደ። የቆረጡትን ለመውቀስ አንደበት የለኝም። የእኔ ነው ለማይለው ነገር ማን ዘብ ይቆማል?

ያኔም ቢሆን እጅ ያልደረሰበት ዛፍ ነበረን። የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥድና ወይራ ያንን ሁሉ ክፉ ዘመን ቆሞ አሳለፈ። እዚሁ በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች ከዓለቱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸው ለበሽተኛ ፈውስ ነው ተብሎ ይሰጣል። እኛ ልጆቹ ያለ ስብሰባና ያለ መፈክር የደብሩ ጠባቂዎች ነበርን። እረኛው ፍየሉን ከደብሩ ቅጥር ይመልሳል፤ የደረቀ ጭራሮ እንኳ ከዚያ አይለቀምም። ደብሩ የእኛ ስለነበር ማንም እንዲያዘን አያስፈልግም ነበር።

አሁን የአረንጓዴ አሻራ ዘመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ሲነገር እኔም ደስ ብሎኛል፤ አገር ዛፍ ለመትከል ስትነሣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ወጣቱም ሲጠራ ይወጣል፣ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሣል። ጥር ላይ ግን፣ ጸሐይዋ ስትበረታና ፍየሉ ሲለቀቅ፣ ወደዚያ ተራራ የሚጠራው የለም። የወንድሜን ልጅ ክረምት የተከለው እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኛ የተጠራነው ለመትከል ነው» አለኝ። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የእኔም መልስ ይኸው ነበር።

ይህ ልጅ መሬት የለውም። በክልላችን መሬት ከተደለደለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ከወላጁ ማሳ ላይ ቆንጥሮ ካልተሰጠው በቀር የሚያርሰው የለውም። የገብሱ እርሻ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት እየወጣ ጓሳውንና ጅብራውን የሚገፋውም በዚሁ የመሬት ጥበት ነው። እዚያ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ከአምስት መቶ አይበልጥም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ የትም የለም። ማሳ ለሌለው ወጣት ስለ ቀበሮ ማስተማር ብቻውን ምን ይፈይዳል?

የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከልሎ ለወጣቶች በማኅበር ሲሰጥ ነገሩ ይለወጣል። ሣሩን አጭደው ይሸጣሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ አበባው ሲበዛ ማሩ ይበዛልና ቁጥቋጦውን የሚጨፈጭፈውን ራሳቸው ይከለክሉታል። በክልላችን በየቦታው ተሞክሯል፤ አዲስ ግኝት አይደለም።

እንግዲህ የቀበሌና የግብርና ሹማምንት፣ በመጪው ሰኔ ልጆቻችንን ለተከላ ስትጠሩ ተራራውን በስማቸው ጽፋችሁ ስጧቸው። ችግኙ ወይራና ኮሶ፣ ጥድና ዋንዛ ይሁን፤ ቆጠራውም በሐምሌ ሳይሆን በጥር ይሁን።