ክሪሳንተመምና የሚያሳክኩ ጣቶች

የአደይ አበባ ዘመድ የሆነችው ክሪሳንተመም እኔም ሳሎን አለችኝ። ብርሃን የሚገባበት፣ ቀዝቀዝ ያለ መስኮት ዳር ናት፤ ሙቀት ከበዛባት አበባዋ ቶሎ ይጠወልጋል። ውሃ የማጠጣት የአፈሩን ላይ በጣቴ ነክቼ ሲደርቅ ነው። ከታች ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ፤ አለበለዚያ ሥሯ ይበሰብሳል።

የጠወለገውን ስቀነጥብ ግን ጓንት አደርጋለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ! ቅጠሏና አበባዋ ውስጥ ቆዳን አለርጂ የሚያስይዙ ንጥረ ነገሮች አሉ። አለርጂው አንዴ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ አይለቅም። በአበባ እርሻና በአበባ ሱቅ የምትሠሩ ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣላችሁ። ጣቶቻችሁ ሲቀሉ፣ ሲያሳክኩና ሲሰነጣጠቁ «ሳሙናው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሽፍታው ከነካችኋት አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ስለሚወጣ ማንም አበባዋን አይጠረጥርም። ስለዚህ ለሐኪማችሁ አበባ እንደምትንከባከቡ ሳትጠየቁም ንገሩ።

ዳዴ የሚል ልጅ ካላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጧት። ቅጠሏን ካኘከ የቀረውን ከአፉ አውጥታችሁ በውሃ እጠቡለት፤ እንዲያስታውክ አታድርጉት። ከንፈሩ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም! ለድመትና ለውሻም መርዛማ ናት።